ሩባ ገና አልመለሰችም

ሬሕማ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ፣ የሐርቡ። ኸርጡም ከገባሁ ጀምሮ የሠራሁት አንድ ቤት ነው፤ ቡሪ የሚባል ሰፈር፣ እነ ፓርቪን ዘንድ። ፓርቪን ኢራናዊት ናት። ሺራዝ ድረስ ሕክምና ሊማር የሄደው ዶክተር ሰላሕዲን፣ አላህ ይርሐመው፣ እዚያው አግኝቷት፣ እዚያው አግብቷት፣ ይዟት ወደ አገሩ ሱዳን መጣ። እሱ ከሞተ ቆየ። እሷ ግን አንድም ቀን «አገሬ ልግባ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ልጃቸው አንድ ሩባ ብቻ ናት። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አማርኛም ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ ደህና አድርጌ አስተምሬያታለሁ ባልልም። እናትና ልጅ ሲጣሉ ሁለቱም እኔ ጋ ይመጣሉ፤ እናትየው በዐረብኛ ልጅቱን ታማለች፣ ልጅቱ በአማርኛ እናቷን ታማለች። እኔ ለሁለቱም «ልክ ነሽ» እላለሁ።

የማጫውታችሁ የሩባን ኒካሕ ነው። ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ቡሪ ሰው በሰው ሳለች፣ ብርዱ ገባ ባለበት ወር ነው።

በሱዳኖች ወግ ኒካሕ የወንዶች ጉዳይ ነው። ወንዶቹ መስጂድ ይሄዳሉ፤ የሙሽራዋ አባት፣ አባት ከሌላት አጎቷ፣ ወኪል ሆኖ ከሙሽራው ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ማእዙኑ፣ ኒካሕ የሚያስረው ሼህ ማለት ነው፣ ያስርላቸዋል። ሙሽራዋ እቤቷ ተቀምጣ እልልታ ስትሰማ ማግባቷን ታውቃለች። የእኛም አገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፓርቪን አገር ወግ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሙሽራዋ መስተዋት ፊት ትቀመጥና ሦስት ጊዜ ትጠየቃለች። በመጀመሪያው ዝም ትላለች፤ ዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች» ይላሉ። በሁለተኛውም ዝም ትላለች፤ «የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች» ይላሉ። በሦስተኛው «በእናት በአባቴ ፈቃድ፣ እሺ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ነው ነገሩ የሚያልቀው።

«ይሄን ያህል መንቀባረር እኛ አገር ቢሆን ሙሽራው ተነሥቶ ሌላ ቤት ያንኳኳ ነበር» አልኳት ይህን ስትነግረኝ።

«ይጠብቃታ!» አለች ፓርቪን። «ዕድሜ ልኳን ምግብ እስክታቀርብለት ሊጠብቃት አይደል? ሦስት ጥያቄ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?»

ፓርቪን እንዲህ ናት። የሰው ወግ ስትወስድም ስትተውም በራሷ ሚዛን ነው። ሱዳኖች ሙሽራ ከጉድጓድ በሚወጣ የጦልሕ እንጨት ጭስ ላይ አስቀምጠው ቆዳዋን ያጥኗታል፤ ዱኻን ይሉታል። ያን መጀመሪያ ስታይ «ልጄን እንደ ዓሣ ሊጠብሱብኝ ነው» ብላ ጮኸች። በሳምንቱ ጉልበቷን ሲያማት ራሷ ገብታ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣታል! የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብም እንዲሁ። «አገሬ ሳለሁ ሻሽ ያስጠላኝ ስለሚያዙኝ ነው፤ ቶቡን ግን ራሴ መርጬ፣ ራሴ ገዝቼ ለበስኩት» ትላለች። ከአራት ሜትር ጨርቅ ጋር ስትታገል ብታዩዋት መምረጧን ትጠራጠራላችሁ።

እንግዲህ ሩባ ሦስቱን ጥያቄ የፈለገችው ለጌጥ አልነበረም። ሥራዋ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ነው። መሐንዲስ ናት፤ ከመቆፈሪያው መኪና ጋር ኮርዶፋን ወርዳ ሳምንት ሁለት ሳምንት ትቆያለች፤ ጸጉሯ ውስጥ አሸዋ ይዛ ትመለሳለች፣ አሸዋውን የማራግፍላት እኔ ነኝ። ሙሽራው ተውፊቅ የከብት ሐኪም ነው፤ ሰው የሚያከብር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ። «ሥራሽ ሥራሽ ነው» ብሏታል። እናቱ ግን ለሩባ አክስት ለሂያም «ካገባች በኋላስ በረሃው ይበቃታል» ማለቷን ሰማን። ሂያም የዶክተር ሰላሕዲን እህት ናት፤ የሰማችውን ሆዷ ውስጥ ማሳደር አትችልም።

ያን ዕለት ሩባ ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ኻልቶ፣ ተውፊቅ እኔን ይወዳል፣ አውቃለሁ» አለችኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፤ ኻልቶ አክስቴ ማለት ነው። «እናቱን ደግሞ ይፈራል። ሰው ፊት ካለ ግን፣ ኸላስ፣ ቃሉን አይበላም። እኔ ሦስተኛው ላይ ሸርጥ እላለሁ። ሥራ አልተውም። እሱ እሺ ካለ እኔ እሺ እላለሁ። እሱ እሺ ካላለ...»

«ካላለስ?»

«ካላለ አላገባም፣ ወላሂ።»

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ የዚህች ልጅ ዓይን እንባ ሲያቀርር አንጀቴ አይችልም። እንደምትወደው አውቃለሁ፤ ጉድጓዷንም እንደምትወድ አውቃለሁ። «አብሽሪ፣ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ ተናገሪ እንጂ» አልኳት።

ወኪሏ አጎቷ ናዲር ነው፤ የአባቷ ታናሽ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሁልጊዜ የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ነው። ፓርቪን አስቀምጣ ሦስቱን ጥያቄ፣ ሸርጡንም፣ ቅድመ ሁኔታዋን ማለት ነው፣ ጭምር አስረዳችው። እሱ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ እያየ «ጠይብ፣ ጠይብ» አላት፤ እሺ፣ እሺ ማለቱ ነው። እኔ ሻይ ሳቀርብ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነበር። ሰው እንዲህ «ጠይብ» ሲል ጆሮው እንደሌለ መጠርጠር ነበረብን።

ቀኑ ደረሰ። መንገዱ ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ቤቱ በሴት ሞላ። ፓርቪን ሳሎኑ ውስጥ የአገሯን ገበታ ዘረጋች፤ መስተዋት፣ ሻማ፣ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ማር። ረጅም የሾለ የስኳር ድፍን ደግሞ ያስፈልጋል አለች፤ ሱቅ ዐረቢ ዞረን ዞረን አንድ ሽማግሌ ነጋዴ «ይሄማ በአባቴ ጊዜ ቀረ» ብሎ ስቆ ሸኘን። በመጨረሻ ስኳሩን አርጥቤ በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ጠቅጥቄ ሠራሁላት፤ አንገቱ ቢጣመምም ቆመ። የሱዳን ሴቶች ዙሪያውን ከበው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» እያሉ ለውዙን በሉት። ሩባ በቀይ ቶብ መስተዋቱ ፊት ተቀመጠች። ወላሂ፣ ዓይኔን ከእሷ ላይ መንቀል አቃተኝ።

ከዐስር ሶላት ትንሽ ቀደም ብሎ ናዲር ሁለት ምስክሮች አስከትሎ ገባ። ስልኩን ገበታው ጫፍ ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ።

«ሩባ ልጄ፣ ተውፊቅን ለማግባት ወክለሽኛል? ፈቅደሻል?»

ሩባ ዓይኗን መስተዋቱ ላይ እንደተከለች ዝም አለች። ሥርዓቱ ነውና።

እኔና ፓርቪን «አበባ ልትለቅም...» ልንል አፋችንን ከመክፈታችን ናዲር ቀና አለ። ፊቱ በደስታ በራ። «ማሻአላህ! የልጃገረድ ፈቃዷ ዝምታዋ ነው!» ብሎ ለምስክሮቹ ነገራቸው። ምስክሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአክስት ልጆች እልልታውን ለቀቁት፣ ከበሮው ተመታ፣ ናዲር ደግሞ እንደልማዱ ሄደ። ፓርቪን «ቆይ! ገና ነው! ሁለት ይቀራል!» ብላ ጮኸች፤ ግን በዚያ ጩኸት መሐል የገዛ ድምጿን እንኳ አልሰማችም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ናዲር ያፈሰሰውን ግን መልቀም ለእኛ ተረፈ።

ሩባ እጄን አንቃ ያዘች። «ኻልቶ» አለችኝ በአማርኛ፣ «እኔ እኮ እሺ አላልኩም።»

ሂያም ሰምታ ባይገባትም ፊቷን አይታ ገባት። «ምን ሆንሽ? ተጠየቅሽ፣ ዝም አልሽ። በሃይማኖታችንም ያለ ነው፤ ልጃገረድ ታፍራለችና ዝምታዋ እንደ ቃሏ ይቆጠርላታል» አለች።

«እኛ ጋ ዝምታ ዝምታ ነው» አለች ፓርቪን፤ ስልኳን አንስታ ለናዲር ደወለች። ስልኩ ከተጣመመው ስኳር አጠገብ ጮኸ። ትቶት ሄዷል።

አዛኑ ተሰማ። ሶላት ሰግደው እንዳበቁ ኒካሑን ያስራሉ። መስጂዱ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው፤ በእግር ሩቅ፣ በመኪና ቅርብ። የፓርቪን መኪና ደግሞ በድንኳኑ ገመድና በእንግዳ መኪና ታጥሮ መርፌ እንኳ አያሾልክም። «ያላ፣ ራክሻ!» ብዬ ወጣሁ። የዚህች ባለሦስት እግር ነጂ እንግዳ አመላልሶ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ቀስቅሼ አስነሣሁት።

ሂያም በር ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። «ሙሽራ በኒካሕ ቀን ከቤት አትወጣም! ይሄ ከየት የመጣ ጉድ ነው?»

«አምቲ» አለቻት ሩባ፣ «አንቺ ስታገቢ የምትፈልጊው ነገር አልነበረም?»

ሂያም የራሷን ነጭ ቶብ ከላይዋ ገፍፋ ከራሷ እስከ እግሯ ጀቦነቻት። «ቢያንስ ተሸፈኚ! ሰው በዓይኑ ይበላሻል!» አለችና መንገዱን ለቀቀች። ሂያምን ያን ቀን ወደድኳት፤ እስከ ማግስቱ ድረስ።

ሦስት ሴት አንድ ራክሻ ውስጥ። አንዷ ኢራናዊት፣ አንዷ ሐበሻ፣ መሐል ላይ በሁለት ቶብ የተጠቀለለች ሙሽራ። ፓርቪን በፋርስኛ ትጸልያለች ወይ ትሳደባለች፣ አልለየሁም። ሩባ «ባንደርስስ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ከታሰረ በኋላ መፍታት ፍቺ ይባላል፤ ሦስታችንም እናውቀዋለን።

ስንደርስ የወንዶቹ ጫማ በር ላይ ተከምሯል፤ ሶላቱ አብቅቷል። የማእዙኑ ድምፅ በማጉያው ይሰማል፤ የኒካሑን ኹጥባ፣ ከማሰሩ በፊት ያለውን ንግግር፣ ጀምሯል። በጎን ባለው የሴቶች በር ገባን። ከእኛ በቀር ማንም የለም። ከወንዶቹ የሚለየን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት አጥር ነው። በቀዳዳው ሳይ ናዲርና ተውፊቅ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ሊያያዝ ነው።

ሩባ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። መቆፈሪያው ሞተር እያጓራ ሠራተኛ የምትጣራው ልጅ፣ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም።

«ድምፄ» አለችኝ፤ «ኻልቶ፣ ድምፄ የለም።»

ኡስታዝ አይደለሁ፣ ዘመድ አይደለሁ፣ ሱዳናዊት አይደለሁ። መስጂድ ውስጥ ወንዶች መሐል ድምፄን ከፍ ላድርግ ብል መጀመሪያ የሚያወግዘኝ የገዛ አባቴ ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እንጨቱን በመዳፌ ደበደብኩት።

«ያ ሼህ! ያ ሼህ ቆዩ! ሙሽራዋ ገና አልመለሰችም!»

ኹጥባው ቆመ። መስጂዱ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። አበባ ልትለቅም ሄዳለች ብዬ ቢሆን ኖሮ ጠፋች ብለው ወጥተው ያሳድዷት ነበር፤ እንኳን ያን አላልኩ።

«ማን ነው?» አለ ማእዙኑ። ጺሙ የነጣ፣ ሽማግሌ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ሩባ» አለች። ድምፅዋ ተመለሰ፤ ቀጭን ነበር፣ ግን ነበር።

ናዲር ተነሥቶ ወደ አጥሩ እየሮጠ መጣ። ላቡ ወርዷል። «ልጄ ምን ነካሽ? ጠይቄሽ ዝም አላልሽም?»

«ዝም አልኩ፣ ዐሚ። ዝም ያልኩት ገና ስለነበር ነው።»

ከወንዶቹ መሐል ጉምጉምታ ተነሣ። ማእዙኑ እጁን አነሣና ዝም አሰኛቸው። «ዝምታዋ ይበቃት ነበር» አለ፤ «ከተናገረች ግን ቃሏ ከዝምታዋ ይቀድማል። ተናገሪ ልጄ።»

ሩባ ተናገረች። ሥራዋን እንደማትተው፣ ኮርዶፋንም ሆነ ሌላ ውሃ የሌለበት አገር ስትላክ እንደምትሄድ፣ ይህንን ተውፊቅ በሰው ፊት እሺ ካላት ብቻ እሺ እንደምትል ተናገረች። ልምምጥ የለ፣ ቁጣም የለ። ፓርቪን ጎኔ ቆማ የልጇን እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ ትደግማለች።

የተውፊቅ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ ያለው ነገር እቤት ይነጋገሩበታል፤ እዚህ...»

«የተጠየቀው ባልየው ነው» አለ ማእዙኑ።

ሁሉም ተውፊቅን አየ። ተውፊቅ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። ሩባ አጥሩን የያዘችበት ጣቶቿ ነጡ።

ናዲር ምስኪን፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ «ዝም አለ! ተስማምቷል!» አለ።

«አይ!» አለ ማእዙኑ። «የወንድ ዝምታ ምንም አይደለም። አፍ አለው፣ ይናገር።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ተውፊቅም ቀና ብሎ ሳቀ። ተነሣና ወደ እኛ ሁለት ሦስት እርምጃ መጣ።

«ዝም ያልኩት አባቴ ፊት ስለሆንኩ ነው» አለ። «ሩባ፣ መጀመሪያ ያየሁሽ እስከ ጉልበትሽ ጭቃ ውስጥ ቆመሽ ነው። ቶብ ለብሰሽ ያየሁሽ ከዚያ በኋላ ነው። የጠየቅኩት ባለ ጭቃዋን ነው። ተቀብያለሁ፣ ሁላችሁም ስሙ፣ ተቀብያለሁ።»

አባትየው ፊቱን አኮሳተረ። ማእዙኑ ናዲርን አየው። «በል እንግዲህ ጠይቃት፤ እንደ ሰው ጠይቃት።»

ናዲር አጥሩ ጋ ቀረብ አለ። ቅድም ሳሎኑ ውስጥ የጠየቀው የሚሄድበት ቦታ እንዳለው ሰው ነበር። አሁን ግን ድምፁ ተቀይሯል፤ የማያውቀውን ነገር ሊሰማ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው።

«ሩባ ልጄ፣ ፈቅደሻል?»

ዝም አለች። ሁለተኛው ነዋ! ፓርቪን ፈገግ አለች፤ እኔ ግን ልቆነጥጣት ደረስኩ። ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፣ ተውፊቅ ሲቆም ሲቀመጥ ቦታ አጣ፣ ናዲርም አሁን ምንም አልደመደመም፤ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ወንድ ቁጭ ብሎ የአንዲት ልጅ አፍ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔን የዳረኝ አባቴ ነው። በር ላይ ቆሞ «ፈቅደሻል ወይ?» አለኝ፤ ልጅ ነበርኩ፣ አፈርኩ፣ ዝም አልኩ። «ዝም አለች» ብሎ ሄደ፤ ጓዳው በእልልታ ተናጋ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልተጠየቅኩም ብዬም አባቴን አላማም። ግን የእኔን መልስ የሰማ ሰው የለም። እኔ ራሴም አልሰማሁት። እሺ እል ነበር ወይስ እንቢ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ይህ እንደሚያስለቅሰኝ ያወቅኩት እዚያ፣ ያ እንጨት ሥር ቆሜ ነው።

«ሩባ ልጄ» አለ ናዲር ለሦስተኛ ጊዜ፤ «ተውፊቅን ለማግባት ፈቅደሻል?»

«በእናቴ ፈቃድ» አለች፤ «በአባቴም ነፍስ፣ አዎ። ፈቅጃለሁ።»

ድምፅዋ ጣሪያው ድረስ ሄደ። ወንዶቹ «ማሻአላህ» ሲሉ፣ እኛ ወገን ግን ሦስት ሴት ብቻ ነን፤ ሙሽራ ለራሷ እልል አትል፣ ፓርቪን ፊቷን በቶቡ ሸፍና ታለቅሳለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። እንባዬ እየወረደ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ቀልሼ፣ የሐርቡን እልልታ ለቀቅኩት፤ መስጂድ ውስጥ መሆኔን ያስታወስኩት ትንፋሼ ሲያልቅ ነው።

«ያ ሐጃ» አለ ማእዙኑ ከወዲያ ማዶ፣ እየሳቀ፤ «እልልታውን እንኳ ለቤት ብታቆዪው!»

ይቅር በሉኝ አልኩ። ግን የመጣው እዚያ ነው፤ ምን ብዬ ላቆየው?